ልጆችና ሳምቡሳ፦ ከምስር መልቀም እስከ ዘይቱ ድረስ ማን ምን ይሥራ?

የጓዳ_ሙያ

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ፍልሰታም እየደረሰ ነው፤ በየቤቱ ሳምቡሳ መጠበሱ አይቀርም። ልጅ ደግሞ ሊጥ ካየ አርፎ አይቀመጥም። ከጓዳ ከማባረር ሥራውን ከፋፍሎ ማስተማሩ ይሻላል፤ ስለዚህ መጠኑንም አሠራሩንም እዚህ ላስቀምጥ። የጎደለውን ሙሉበት፣ የተሳሳተውን አርሙ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። አደጋው የሚደርሰው ዘይቱ ዘንድ ቢሆንም ስህተቱ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ምስሩ በደንብ ሳይጠነፈፍ ከተሞላ፣ ጫፉም በወጉ ካልተጣበቀ፣ ውስጡ የቀረው ውሃ ዘይት ውስጥ ሲገባ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ወደ 1700 እጥፍ ይሰፋል። ቂጣውን ቀዶ ይወጣል፣ የፈላውን ዘይትም ይዞት ይፈናጠራል። ስለዚህ ልጁን «ከእሳቱ ራቅ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «ምስሩ ጠፍፏል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ።

ለ24 ሳምቡሳ 400 ግራም ድፍን ምስር ይበቃል። ምስር መልቀም የትንንሾቹ ሥራ ነው፤ ሰፌድ ወይም ነጭ ትሪ ላይ ሳሳ አድርጎ ዘርግቶ ጠጠሩንና የተበሳውን ፍሬ መለየት የአራት ዓመት ልጅም ይችላል። ፍሬ አፍንጫውና ጆሮው ውስጥ የሚከት ልጅ ከሆነ ግን ከአጠገቡ አትነሱ። ምስሩ ታጥቦ ይቀቀልና፣ ሲነከስ የበሰለ ነገር ግን ያልፈረሰ ሲሆን ይወርዳል። ወንፊት ላይ 10 ደቂቃ ይጠንፈፍ፤ ከዚያ ንጹሕ ፎጣ በተነጠፈበት ትሪ ላይ ተዘርግቶ ሌላ 15 ደቂቃ ይናፈስ። መፈተኛው በልጁ እጅ ነው፦ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ እፍኝ ጨብጦ ይልቀቀው። መዳፉ ከረጠበ ገና ነው። መዳፉ ደረቅ ሆኖ ፍሬዎቹ ከተበተኑ ደርሷል።

2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ ተደርጎ ተከትፎ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይቁላላ፤ ውሃ ጠብ አይደረግበትም። 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይገባል፣ ቀጥሎ ምስሩ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ። 5 ደቂቃ እያማሰላችሁ እርጥበቱን አስወግዱ። 4 ቃሪያ ተከትፎ የሚጨመረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ በትኩሱ የተሞላ ምስር ቂጣውን ከውስጥ ያልበውና ያላላዋል።

ለሊጡ 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ዘይቱ መጀመሪያ ከደረቁ ዱቄት ጋር በጣት ይታሽ፤ ከዚያ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ 10 ደቂቃ ይታሻል። ጠንከር ያለ ሊጥ ነው የምንፈልገው፤ ጣት ላይ ከተጣበቀ ረጥቧል። ተሸፍኖ 30 ደቂቃ ከተኛ በኋላ 12 ድቡልቡል ይወጣዋል። ሁለት ሁለቱን በመሐላቸው ዘይት ቀብቶና ዱቄት ነስንሶ ደራርቦ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት መዳመጥ፣ ደረቅ መጥበሻ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ከግማሽ ደቂቃ በታች ማሞቅ፣ በትኩሱ ማላቀቅ፣ ለሁለት መቁረጥ። መዳመጡ የልጅ፣ መጥበሻው የአዋቂ። ማጣበቂያው 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ2 ማንኪያ ውሃ የተበጠበጠ ነው፤ ወፍራም እርጎ ይመስላል።

ሸገር_ማዕድ

እህታችን እጅሽ ይባረክ። ስለ ምስሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ የመቀቀያ ደቂቃ ሳትጽፊ መቅረትሽም ልክ ነው። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም፤ ከተማው ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ። ዝቅ ባለ ቦታ በ20 ደቂቃ የሚደርስ ድፍን ምስር እዚህ 30 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። በሰዓት የሚሠራ ልጅ ጥሬ ምስር ያወርዳል፤ በጥርሱ የሚፈትን ልጅ አይሳሳትም።

ክክ ምስር አትጠቀሙ። ክኩ ይፈርሳል፣ ውሃውን እንደ ሽሮ ይዞት ይቀራል፣ ወንፊትም አያወጣለትም።

አስተማሪ_ነኝ

ልምምድ ላይ ሁለት ችግር እያየሁ ነው። ልጆቹ ሊጡን ሲዳምጡት ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ሲያጥፉት ደግሞ ጠርዙ ይሰነጠቃል። መዳመጫውን ስለማይችሉት ይሆን? የልጆቹ ዕድሜ ከ7 እስከ 10 ነው።

የጓዳ_ሙያ

ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው። የሚሰበሰበው ሊጥ ዕረፍት ያጣ ነው። ሲታሽ በስንዴው ውስጥ ያለው ግሉተን እንደ ላስቲክ ይወጠራል፤ ጉልበት ቢጨምሩበት የባሰ ይመለሳል፣ ልጁም ይበሳጫል። ሸፍነው 15 ደቂቃ ይተዉትና ይመለሱበት።

የሚሰነጠቀው ነፋስ ያገኘው ነው። የተላቀቁት ቂጣዎች ተደራርበው እርጥብ ሆኖ ውሃ በማያንጠባጥብ ፎጣ ሥር መቆየት አለባቸው፤ ልጁ አንድ አንድ እየሳበ ይውሰድ። ሁሉም ልጅ የራሱን ቁልል ከፊቱ ካደረገ የመጨረሻዎቹ ደርቀው ይጠብቁታል። መጥበሻው ላይ ከመጠን በላይ የቆየ ቂጣም ይሰነጠቃል። ገርጥቶ ጥቂት ነጠብጣብ ሲያወጣ ይውጣ፤ ቡናማ ከሆነ አልፎበታል።

ስለ ማጠፉ ደግሞ፣ ከሊጡ በፊት በወረቀት ይለማመዱ። 20 ሳንቲ ሜትር ክብ ወረቀት ለሁለት ቆርጠው ይስጧቸው። ቀጥ ያለው ጎን ወደ ላይ፣ ክቡ ወደ ልጁ ይሁን። የቀኙ ማዕዘን ወደ መሐል ይመጣል፤ በዚያ ጠርዝ ላይ አንድ ጣት ስፋት ማጣበቂያ ይቀባል፤ የግራው ማዕዘን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተደርቦበት ይጫናል። ሲነሳ ሾጣጣ ኪስ ይሆናል። እዚህ ላይ ማንም ልጅ እንዳይዘልላት የምፈልጋት ፍተሻ አለች፦ ሳይሞላ በፊት ኪሱን ወደ መስኮት አንስቶ በአፉ በኩል ወደ ሹሉ ጫፍ ማየት። ብርሃን ከታየው ቀዳዳ አለ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ፣ ጠብታ ማጣበቂያ ጨምሮ እንደገና ያያል። ዘይት የሚገባውም ምስር የሚወጣውም በዚያች የመርፌ ቀዳዳ ነው።

ከዚያ አንድ የሞላ የሾርባ ማንኪያ ምስር ብቻ። ከአፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ባዶ ይተዋል። ልጆች ጠቅጥቀው መሙላት ይወዳሉ፤ የተጠቀጠቀው ግን አፉ ላይ ፍሬ ስለሚቀርበት አይጣበቅም፣ ይፈነዳል። አፉን ከማጣበቁ በፊት አየሩን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ያስወጣ። የተጣበቁት በማጣበቂያው ጎን ወደ ታች ተደርገው ትሪ ላይ 10 ደቂቃ ያርፉ።

ሐረር_ጓዳ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ውይይቱ በምስር ብቻ እንዳይቀር የሥጋውን ልጨምር፤ በረመዳን ልጆች በብዛት የሚሳተፉት በሥጋ ሳምቡሳ ነውና።

የተፈጨ ጥሬ ሥጋና ልጆች የሚያጥፉበት ገበታ አንድ ቦታ አይገናኙ። 500 ግራም የተፈጨ ሥጋ አዋቂ ብቻውን ያብስለው፤ ቀይነቱ ጠፍቶ ውሃው እስኪመጥ ድረስ፣ ቴርሞሜትር ያለው 71 ዲግሪ እስኪደርስ። ስቡን በወንፊት አጥልሉት፤ የረጋ ስብ ማጣበቂያውን አያስይዝም። ወደ ልጆቹ የሚመጣው በስሎ ቀዝቅዞ ነው። የበሰለው ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ድሬዳዋና ባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደሚሞቁት ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ልጆች በማጠፉ ቀስ ስለሚሉ ሥጋውን ሁሉ ባንዴ አታውጡ፤ በትንሽ ሳህን እየቀነሳችሁ ስጧቸው፣ የቀረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይጠብቅ።

ሌላው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ከመግሪብ (ከጀምበር መጥለቂያ ሶላት) በፊት ያለችው የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት የጥድፊያ ሰዓት ናት፤ ጠባሹ ጾመኛ ነው፣ ልጁ ርቦታል፣ ሁሉም ጓዳ ውስጥ ነው። ልጆች የሚያጥፉት ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ይሁን። ሲጠበስ እነሱ ሌላ ክፍል ቴምርና ውሃ ያቅርቡ። ሥራ የተሰጠው ልጅ ጓዳ አይመላለስም።

የቃጠሎ_ነርስ

በሙያዬ በኩል ጥቂት ነገር ልበል። የመጥበሻ ዘይት 180 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከፈላ ውሃ በ80 ዲግሪ ይበልጣል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። የልጅ ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ የሳሳ ስለሆነ በዚያው ቅጽበት ውስጥ የሚገባው ጉዳት ይጠልቃል።

ከተቃጠለ ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ሙሉ ይያዝ። ቧንቧ ከሌለ ከጆግ በቀስታ እየፈሰሰ ይደረግ። 20 ደቂቃ በልቅሶ መሐል በጣም ረጅም ነው፤ ሰዓት አይታችሁ ያዙ። ዘይት የነካው ልብስ፣ አምባርና ቀለበት እብጠቱ ሳይመጣ ይውለቅ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይነካ። የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ይሸፈን። በረዶ አይደረግም፣ የተጎዳውን ቆዳ ይበልጥ ይጎዳዋል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ እንቁላል፣ ቡኮ ሊጥ፣ ማር፣ አንዱም አይቀባ። ሙቀቱን ውስጥ ይይዙታል፣ ቁስሉን ይበክላሉ፣ ሐኪሙም ጥልቀቱን እንዳያይ ይሸፍኑበታል። ከውሃው በኋላ ንጹሕ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ላላ ተደርጎ ይሸፈንበት።

ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ከሆነ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ የሚበልጥ ውሃ የቋጠረ ቦታ ካለ፣ ሕክምና ቤት። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939፤ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል አምቡላንስ 101። ቁጥሩን ማንበብ የሚችል ልጅ ማቀዝቀዣው ላይ ጽፎ ይለጥፈው፤ ይህም የትምህርቱ ክፍል ነው።

ዲሲ_ማዕድ

ውጭ አገር ላላችሁ፦ ሊጡን ትታችሁ የስፕሪንግ ሮል ቂጣ የምትገዙ ብዙ ናችሁ። ከበረዶ ቤት ወጥቶ በማሸጊያው ውስጥ እንዳለ ይሟሟ። ከተላቀቀ በኋላ ቶሎ ስለሚደርቅ በእርጥብ ፎጣ ሥር ይቆይ። በ8 ሳንቲ ሜትር ስፋት በረጅሙ ተቆርጦ እንደ ባንዲራ ሦስት ማዕዘን እየሆነ ይታጠፋል፤ ለ6 ዓመት ልጅ ከሾጣጣው ኪስ ይቀልለዋል። በጣም ስስ ስለሆነ ግን እርጥብ ምስርን ጨርሶ አይታገሥም።

ዘይቱን ማስቀረት ከፈለጋችሁ ኦቨን 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሁለቱንም ጎን ዘይት በብሩሽ ቀብቶ 20 ደቂቃ ገደማ፣ መሐል ላይ ማገላበጥ። ኤር ፍራየር 180 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ። መቅባቱ የልጅ ሥራ ነው፤ ማስገባትና ማውጣቱ ግን አይደለም፣ የኦቨኑ በርም ያቃጥላል። የተጠበሰውን ያህል አይንኮሻኮሽም፤ ቂጣውን ይበልጥ አሳስታችሁ ብትዳምጡት ይቀራረባል።

በዚህ ውይይት ያልተነሳ ነገር አለ፤ ልጆች ጥሬ ሊጥ እንዳይቀምሱ። ዱቄት ሲፈጭ ጀርም አይሞትም፤ ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ጥሬ ዱቄት ውስጥ ተገኝተው ያውቃሉ። ማጣበቂያ የነካው ጣት ወደ አፍ አይሂድ። ከሥራው በፊት ብቻ ሳይሆን በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ባለምድጃ

ጋሼም እትዬም ስለ ዘይቱ አልጻፋችሁም። ልጅ መጥበስ የሚጀምረው በስንት ዓመቱ ነው? በእኔ አስተያየት የ10 ዓመት ልጅ አዋቂ አጠገቡ ቆሞ መጥበስ ይችላል። ገጠር ውስጥ በዚያ ዕድሜ እንጀራ የምትጋግር ልጅ አለች።

የቃጠሎ_ነርስ

ወንድሜ፣ ምጣድ ላይ ያለ ሊጥና ድስት ሙሉ የፈላ ዘይት አይወዳደሩም። ምጣድ የነካ ጣት ይቃጠላል። የተገለበጠ ዘይት ግን ደረትን፣ ሆድን፣ ጭንን ነው የሚያገኘው። 14 ዓመት ሳይሞላው አልፈቅድም።

የጓዳ_ሙያ

ከነርሳችን ጋር ነኝ፤ ግን ዕድሜውን ብቻ አልይዝም። የድስቱ አፍ ከልጁ ክርን በታች መሆን አለበት፤ በርጩማ ላይ ቆሞ የሚጠብስ ልጅ የለም። ሁለተኛ፣ የብርድ ፈተናውን ይለፍ። ድስቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጋችሁ፣ በሳምቡሳ ቅርጽ የተሠራ ጠንካራ ሊጥ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይረጭ አሥር ጊዜ ያስገባ፣ ያውጣ። ከላይ የሚጥል ከሆነ ውሃው ልብሱ ላይ ይታያል፤ ያኔ ለምን ገና እንደሆነ ራሱ ይገባዋል። ከፈተናው በኋላ ድስቱም ጭልፋውም እስከ መያዣቸው ስንጥቅ ድረስ ይድረቁ። ታች የቀረች ጠብታ ውሃ ናት ዘይቱን የምታንጣጣው።

አጠባበሱ ላይ፦ 3 ሊትር በሚይዝ ወፈር ያለ ድስት 1 ሊትር ዘይት፤ ከሲሶ አይለፍ። ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለ አተር የምታህል ሊጥ ጣሉበት፤ ሰምጣ ወዲያው ተንሳፍፋ ዙሪያዋ ከፈላ ደርሷል፣ ታች ከቀረች ገና ነው፣ ባንዴ ከጠቆረች አልፏል። ባንድ ጊዜ ከ5 አይበልጡም፤ ሲበዙ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ቂጣው ይጠጣዋል። 3 ወይም 4 ደቂቃ። ጭስ ከታየ እሳቱን አጥፉ። እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፍቶ በክዳን መድፈን፤ ውሃ አይረጭም፣ ድስቱም አይነሳም። ክዳኑ ከመጀመሪያው ከእጅ ሳይርቅ ይቀመጥ።

ከምድጃው ዙሪያ አንድ ሜትር ላይ ነጭ ፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉ። ትንንሾቹ መስመሩን አያልፉም። ቃል ይረሳል፤ መስመር ግን ይታያል።

ሸገር_ማዕድ

የከሰል ምድጃ ለሚጠቀሙ ይህ መስመር በእጥፍ ያስፈልጋል። መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ድስቱ የሚገኘው በሁለት ዓመት ልጅ ደረት ልክ ነው። ለጥልቅ ዘይት የከሰል ምድጃ አልመክርም፤ ሙቀቱን ቶሎ መቀነስ አይቻልም፣ ሦስቱ የድስት ማረፊያዎችም ካልተካከሉ ድስቱ ይነቃነቃል። ሌላ ከሌለ ውጭ፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ልጆች በተዘጋ በር ወዲያ ሆነው። ቤት ውስጥ ዝግ ክፍል ከሆነ የከሰሉ ጭስ ራሱ ያፍናል። የኤሌክትሪክ ስቶቭ ያላችሁ ገመዱ መተላለፊያ ላይ እንዳይዘረጋ፤ የተጠለፈ እግር ድስቱን ይዞት ይወርዳል።

አስተማሪ_ነኝ

አመሰግናለሁ፤ የወረቀቱ ልምምድ ሠርቷል። አንድ ልጅ ቃሪያ ከትፎ ዓይኑን ቢነካስ?

ሐረር_ጓዳ

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ዘይት ውስጥ ይሟሟል። እጁ ላይ ከሆነ መጀመሪያ በምግብ ዘይት ይታሽ፣ ከዚያ በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠብ። ዓይኑ ውስጥ ከሆነ ግን ዘይት አይገባም፤ በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ አይሸው። ከዚህ ሁሉ ግን ለልጅ ቃሪያ በቢላ አትስጡ፤ ቃሪያውን አዋቂ ይከትፍ፣ ልጁ ሽንኩርቱን ይላጥ። ቢላ የሚይዘው ከ8 ዓመት በላይ ያለው፣ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ በአንጓዎቹ እየመራ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ በተነጠፈበት መክተፊያ ላይ ነው።

ዲሲ_ማዕድ

የተረፈውን ሳይጠበስ ማቆየት ለምትፈልጉ፦ ትሪ ላይ ሳይነካኩ በረዶ ይሥሩ፣ ከዚያ በከረጢት ተደርገው እስከ ሁለት ወር ይቆያሉ። ሲጠበሱ ሳይሟሙ ይግቡ፣ ግን ላያቸው ላይ ያለው አመዳይ ተራግፎ፤ አመዳዩ ውሃ ነው። ከበረዶ የወጣውን የሚጠብሰው አዋቂ ብቻ ይሁን፤ የ14 ዓመቱም ይቆየው።

የቃጠሎ_ነርስ

እሳቱ ከጠፋ በኋላም ድስቱ ባለበት ይቆይ። ዘይት ቶሎ አይበርድም፣ ላዩ ረግቶ ሲታይም ትኩስ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ያቃጥላል። መያዣው ወደ ግድግዳ ይዙር፣ ክዳኑ ይደፋበት፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈውም ፕላስተር ዘይቱ ወደ ጀሪካኑ እስኪመለስ አይነሳ።